ስልኩ ተመለሰ፣ ስክሪኑ ግን ሌላ ነው

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ያገለገሉ ስልኮችን በቴሌግራም ቻናል መሸጥ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሱቅ የለኝም፤ ዕቃዬ ያለው ቤቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ስልኮቹን የሚልክልኝ አዲስ አበባ ያለ አንድ አከፋፋይ ነው። ደንበኛ ያፈራሁት «7 ቀን ይሞክሩት፣ ካልተስማማዎት ይመልሱ» እያልኩ ስለምሸጥ ይመስለኛል።

ከአንድ ወር በፊት አንድ ሳምሰንግ ኤ54 ኮምቦልቻ ለሚሠራ ሰው በ27 ሺህ ብር ሸጥኩ። በቴሌብር ከፈለኝ። በአምስተኛው ቀን «ባትሪው አያቆይም» ብሎ ይዞት መጣ። እኔ ሳየው ባትሪው ደህና ነው። ነገር ግን የሚስቱ እናትና እናቴ የአንድ ዕድር ሰዎች ናቸው፤ በስልክ ምክንያት ሽማግሌዎች ከሚቀያየሙ ብዬ ክርክር ውስጥ አልገባሁም። *#06# ደውዬ አይኤምኢአዩን (የስልኩን መለያ ቁጥር) ከካርቶኑ ጋር አመሳከርኩ፤ አንድ ነው። ገንዘቡን ሳላጎድል መለስኩለት።

ያንኑ ስልክ ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ላለች መምህርት በ26 ሺህ ሸጬ ጠዋት በሚኒባስ ላክሁላት። በዚያው ማታ «እህቴ፣ ይሄ ስልክ የጣት አሻራ አይቀበልም፤ ስክሪኑም ጥቁር ሲሆን ግራጫ ይመስላል» ብላ ቪዲዮ ላከችልኝ። በማግስቱ ጠጋኝ ጋ ወስዳ ስታሳየው «ኮፒ ስክሪን ነው፣ ተቀይሯል» አላት። ገንዘቤን መልሺልኝ እያለች ነው።

ባለቤቴ «ቻናሉ ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ብለሽ ጻፊና ተገላገዪ» ይለኛል። ጓደኛዬ የኮምቦልቻውን ሰውዬ ፎቶ ለጥፊው ትላለች። እናቴ ደግሞ «ለአላህ ተዪው» ነው የምትለው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የከበደኝ ሌላ ነው፤ መምህርቷ ራሷ ቀይራው ቢሆንስ? ከሁለት ወር በፊትም አንዱ ኤርፖድ ወስዶ ሌላ ኤርፖድ መልሶልኛል። አሁን የመልእክት ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል፣ ገዢ ሁሉ ሌባ እየመሰለኝ ነው። እኔ ነኝ ሞኟ ወይስ ሰው ነው የከፋው?

ስልክ ሻጯ፣ ከደሴ

መልስ

አብሽሪ እህታችን። ሞኝስ አይደለሽም። ያመሳከርሽው ቁጥር ትክክል ነበር፤ ግን አንቺ ማወቅ የፈለግሽውን ነገር አይናገርም። አይኤምኢአይ የሚቀመጠው ስልኩ ቦርድ ላይ ነው። ስክሪኑ፣ ባትሪው፣ ካሜራው ተነቅሎ በሌላ ቢተካም *#06# ስትደውዪ የሚመጣልሽ ያው 15 አሃዝ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚያረጋግጥልሽ ቦርዱ የሸጥሽው መሆኑን ብቻ ነው። ከቦርዱ ውጭ ያለው ዕቃ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ ያስፈልግሻል፤ ያ ማስረጃ ደግሞ የሚዘጋጀው ስልኩ ከእጅሽ ሳይወጣ ነው። ሲመለስ ልሥራው ካልሽ ረፍዷል።

ሌላው ሁሉ ከመነሳቱ በፊት ግን ስክሪኑ በእርግጥ ተቀይሮ እንደሆነ እንይ። ኤ54 የጣት አሻራ የሚያነበው ከስክሪኑ ሥር ባለ መሣሪያ ነው። ጣትሽን ስታሳርፊ ስክሪኑ ራሱ ያበራል፤ መሣሪያውም በስክሪኑ ውስጥ አልፎ የተመለሰውን ብርሃን ያነባል። ርካሹ ኮፒ ስክሪን ኤልሲዲ ነው፤ ከጀርባው የራሱ መብራትና አንጸባራቂ ሽፋን ስላለው ያንን ብርሃን አያሳልፍም። አሻራው የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ወፍራም የመስታወት ስክሪን ፕሮቴክተር የተለጠፈበት ኦርጅናል ስክሪንም አሻራ እምቢ ሊል ይችላል። መምህርቷ ፕሮቴክተሩን አንስታ፣ የድሮውን አሻራ ሰርዛ እንደገና ታስመዝግብ። ከዚያ መብራት በጠፋበት ክፍል ውስጥ ሙሉ ጥቁር የሆነ ፎቶ ስክሪኑን ሞልታ ትክፈት። ኦርጅናሉ አሞሌድ ነው፤ ጥቁር ላይ ነጥቦቹ ስለሚጠፉ ስልኩ የተዘጋ ነው የሚመስለው። ኤልሲዲ ከሆነ ግን ጥቁሩ ፎቶ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ብርሃን ይረጫል፤ በተለይ ጠርዙ ላይ ይታያል። ግራጫ ከታየና አሻራውም እምቢ ካለ ጠጋኙ ልክ ነው፣ ተቀይሯል።

አሁን ማን ቀየረው ወደሚለው እንምጣ። አንቺ የጻፍሽልን ሁለት ተጠርጣሪ ነው። ስልኩ ያለፈባቸውን እጆች ስንቆጥር ግን ይበዛሉ፤ አከፋፋይሽ አለ፣ ኮምቦልቻ ያለው ሰውዬ አለ፣ እሱ «ባትሪው አያቆይም» ብሎ ያሳየው ጠጋኝ ሊኖር ይችላል፣ መምህርቷ አለች። እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅሽ፤ ስልኩ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የራስሽን ጣት አስመዝግበሽ ከፍተሽው ነበር? ካልከፈትሽው ስክሪኑ ቀድሞ የተቀየረ ስልክ ነው ተልኮልሽ የነበረው የሚለውን ነገር ልትጥዪው አትችዪም። ተስፋ አትቁረጪ፣ አንድ መንገድ አለ። ቻናልሽ ላይ ወደ ኋላ ሂጂና ስልኩን መጀመሪያ ስታስተዋውቂ የለጠፍሽውን ቪዲዮና ፎቶ ፈልጊ። በጣት ስትከፍቺው የሚያሳይ ካለ፣ ወይም ስክሪኑ ተዘግቶ ሰዓቱ ብቻ በጥቁሩ ላይ በርቶ ከታየ፣ ያን ቀን የነበረው ኦርጅናል ዓይነት ስክሪን ነው። ያኔ አከፋፋይሽ ነፃ ወጣ ማለት ነው። ልጥፉ ቀን ስላለው ለማንም ልታሳዪው ትችያለሽ።

መምህርቷን በተመለከተ የእኔ ግምት ንጹሕ ናት የሚል ነው። ጠዋት ልከሽላት ማታውኑ ነው የተናገረችው፤ ቪዲዮ ቀርጻ፣ በማግስቱም ጠጋኝ ጋ ወስዳ። ስክሪን የሚሰርቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያማርረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ባትሪ፣ ስለ ኔትወርክ፣ ስለ ድምፅ። የነካውን አካል ራሱ እያሳየ «እዩልኝ» አይልም። እርግጥ ነው አይሆንም ተብሎ አይማልም። ጊዜው ግን ለእሷ ይመሰክራል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመሽ የእሷን ጨርሺ። የትራንስፖርቱን ጨምረሽ ገንዘቧን መመለስ አንድ መንገድ ነው። ስልኩን ከወደደችው ደግሞ ከሁለት ጥገና ቤት የኦርጅናል ስክሪን ዋጋ ከነእጅ ሥራው ጠይቀሽ ያንን ያህል ከ26 ሺው ቀንሺላት፤ ምርጫው ግን የእሷ ይሁን። ሕጉም ቢሆን ከእሷ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ስልኩ ወደ አንቺ ከተመለሰና እንደገና ከሸጥሽው ማስታወቂያው ላይ «ስክሪኑ የተቀየረ፣ ኮፒ ነው፤ የጣት አሻራ አይሠራም» ብለሽ ጽፈሽ ዋጋውን ዝቅ አድርጊ። ዝም ብሎ ለሦስተኛ ሰው ማሳለፍ የሚፈትን ሐሳብ መሆኑ አይጠፋንም፤ 27 ሺህ ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። አንዴ ካሳለፍሽው ግን ከኮምቦልቻው ሰውዬ ምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ?

ወደ እሱ እንሂድ። «ባትሪው አያቆይም» ማለቱ ብቻውን ውሸታም አያደርገውም። ስልክ እንደ አዲስ ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፎቶና መተግበሪያ እያወረደና እያደራጀ ባትሪ ይበላል። በቆርቆሮና በብረት በተሠራ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሚውል ሰው ከሆነም ስልኩ ደካማ ኔትወርክ ሲያሳድድ ይውላል፤ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሆነ ባትሪ እንኳ ከሌላ ቀን ቀድሞ ይደክማል። ስለዚህ «ለምን ዋሸኸኝ» ብለሽ አትጀምሪ።

በእናቶች በኩልም አትላኪ። ራስሽ ደውዪ። መምህርቷ ያለችውን አትንገሪው፤ ኮፒ ስክሪን የሚለውን ቃልም ለጊዜው አታንሺ። እንዲህ በዪው፦ «ወንድሜ፣ ያንን ስልክ ሌላ ሰው ወስዶት አንዳንድ ነገር እየጠየቀኝ ነው። አንተ ጋ እያለ በጣት አሻራ ነበር የምትከፍተው ወይስ በቁጥር?» ከዚያ ዝም በዪ፤ ይመልስ። «በአሻራ ነበር፣ በደንብ ይሠራ ነበር» ካለ፣ ስልኩ ከአንቺ ሲወጣ ስክሪኑ ደህና እንደነበር ራሱ መሰከረ። «አሻራው ድሮም አይሠራም ነበር» ካለ ደግሞ ስልኩን ሲመልስ ለምን ስለ ባትሪ ብቻ እንደተናገረ ጠይቂው። «አላስታውስም፣ በቁጥር ነው የምከፍተው» ሊልም ይችላል፤ ይህ እውነት ሊሆን ስለሚችል አትጫኚው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ባትሪው ሲያስቸግርህ ለጠጋኝ አሳይተኸው ነበር?» የሚል ይሁን። ይህ ጥያቄ ተንኮል የለበትም፤ በእርግጥ የሚያጋጥም ነገር ነው። ባለቤቱ ሻይ እየጠጣ ሲጠብቅ ስክሪን የሚቀይር ጠጋኝ አለ። የዚህ ስልክ ውዱ አካል ስክሪኑ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ልዩነቱን ላያውቅ ይችላል። ጥፋቱ የራሱ ቢሆን እንኳ ይህ ጥያቄ ፊቱን ሳያጠቁር የሚመለስበት በር ይከፍትለታል። «አዎ አሳይቼው ነበር» ካለሽ ጠጋኙ ጋ አብራችሁ ሂዱ። ከእሱ የምትጠይቂውም ሙሉ 27 ሺውን አይደለም፤ ስልኩ እጅሽ ላይ ነው ወይም ይመለሳል። የጎደለሽ የስክሪኑ ዋጋና የእጅ ሥራው ነው። ያንን በቁጥር ጠይቂ፣ ከፈለገም በሁለት ጊዜ ይክፈል።

ቢክድስ? እውነቱን እንነግርሻለን፤ ስልኩን ሳትፈትሺ ተቀብለሽ ሙሉ ገንዘብ ስለመለስሽ እጅሽ ላይ ያለው ማስረጃ ቀጭን ነው። ማታለል በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው፤ ፖሊስ ጋ ማመልከት መብትሽ ነው። ግን ሆን ብሎ እንዳታለለሽ ማስረዳት ይፈልጋል፤ የማስታወቂያው ቪዲዮ ከተገኘና እሱም «በአሻራ ነበር የምከፍተው» ብሎ በጽሑፍ ከመለሰልሽ ነገሩ ይጠነክራል። በጽሑፍ ያልነው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ ነው። ዛሬውኑ ግን አንድ ነገር አድርጊ። ቴሌግራም ላይ የሁለት ሰው ወሬን አንዱ ወገን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ ጊዜውም ቢቆይ። ከሁለቱም ገዢዎች ጋር የተጻጻፍሽውን ከነቀኑ ስክሪንሾት አንሺ፣ ኮምፒውተር ካገኘሽም ሙሉውን ወሬ አውጥተሽ አስቀምጪ። ከመደወልሽ በፊት ማለታችን ነው።

ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ለመሄድ ካሰብሽ ደግሞ በቀስታ እንጠይቅሽ፤ ንግድ ፈቃድ አውጥተሻል? ካላወጣሽ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀርበው ላንቺ ነውና እሱን አስተካክለሽ ሂጂ።

መሐል ሰው ካስፈለገ ሁለቱ እናቶች አይሁኑ። ስለ ስክሪን የሚያውቅ፣ ሁለታችሁም የምትስማሙበት አንድ ጠጋኝ ይሻላል። ለእናትሽ ግን ወሬው ዕድር ላይ ሳይደርሳት ቀድመሽ «ከልጁ ጋር የስልክ ጉዳይ አለን፣ እኛው እንጨርሰዋለን» በያት። «ለአላህ ተዪው» ያለችሽን ምክርም አንንቀውም፤ ካሳ ካልተገኘ መጨረሻው እሱ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያው መሆኑ ላይ ነው የማንስማማው፤ ሳይጠየቅ የታለፈ ሰው ንጹሕ ከሆነም በልብሽ ሌባ ሆኖ ይቀራል።

ፎቶውን መለጠፍ ግን አይሆንም። አራት እጅ ያለፈ ስልክ ይዘሽ አንዱን ሌባ ብለሽ ብትለጥፊውና ቀያሪው ሌላ ሆኖ ቢገኝ፣ ያው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን ይቀጣል። ተበዳይ ሆነሽ ሳለ ተከሳሽ ትሆኛለሽ። ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ መሐል ያለው የሐረጎ ተራራ ብቻ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል።

የባለቤትሽ «አይመለስም» የሚለው ሐሳብ ከድካምሽ አዝኖ እንደሆነ ይገባናል። ግን ጉድለት ላለበት ዕቃ ሕጉ የሰጠውን 15 ቀን ቻናል ላይ በተጻፈ አንድ መስመር መሻር አይቻልም። ሱቅ የሌላት ሻጭ ደግሞ ገዢ የሚያምናት መመለሻ ስላላት ነው፤ አንቺም ይህን ራስሽ ጽፈሽልናል። መለወጥ ያለበት አጻጻፉ ነው። «ካልተስማማዎት ይመልሱ» የሚለው ቃል ጉድለትንና አለመውደድን አንድ ላይ ያስራል፤ የባትሪ ሰበብ የሚገባውም በዚያ ቀዳዳ ነው። ለይተሽ ጻፊው፦ «ጉድለት ከተገኘ በ15 ቀን ውስጥ እንቀይራለን ወይም ገንዘብ እንመልሳለን፣ ትራንስፖርቱ በእኛ። ሐሳብ ከቀየሩ በ2 ቀን ውስጥ፣ ትራንስፖርቱ በገዢ። ስልኩ የሚመለሰው ሲሸጥ በተቀረጸው ቪዲዮ መሠረት ተፈትሾ ነው። የተፈታ ወይም አካሉ የተቀየረ ስልክ አንቀበልም።»

ቪዲዮው እንዴት ነው የሚቀረጸው? ከአራትና አምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ሳይቆረጥ በአንድ ትንፋሽ ይሁን። ስልኩን አብሪና *#06# ደውዪ፣ ቁጥሩ ከካርቶኑ ጎን ይታይ። ጣትሽን አስመዝግበሽ ሦስት ጊዜ ክፈቺው። ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ስትደውዪ የመፈተሻ ገጽ ይመጣል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን አሳዪ፣ የንክኪ ፈተናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትሽ ሙዪ። ጥቁር ፎቶ ከፍተሽ መብራት አጥፊ። አራቱን ጠርዞችና ጭረቶቹን ካሜራውን አስጠግተሽ ቅረጪ፤ ጭረት እንደ ፊርማ ነው፣ ሁለት ስልክ አንድ ዓይነት ጭረት የለውም። መጨረሻ ላይ ያስመዘገብሽውን አሻራ ሰርዢ። ቪዲዮውን ዕቃው ከመሄዱ በፊት ለገዢው ላኪና «አየሁት፣ ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ በጽሑፍ ተቀበዪ። ይህችን መልስ ያላገኘሽበትን ስልክ አትላኪ። ሊሰርቅ ያሰበም ቪዲዮውን ሲያይ ሌላ ሻጭ መፈለጉ አይቀርም።

ሳምሰንጉ ከውጭ ብሎን የለውም፤ ጀርባው በሙጫ የተጣበቀ ነው። ስለዚህ ሲነሳ የሚቀደደውን ስስ የዋስትና ስቲከር ግማሹ ጀርባው ላይ፣ ግማሹ ፍሬሙ ላይ እንዲያርፍ ለጥፊና ቀኑንና ፊርማሽን ጻፊበት፤ ከቨር ስለሚሸፍነው በኪስ ውስጥ አይላጥም። አይፎን ከሆነ ቻርጀሩ የሚገባበት ቀዳዳ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። በአንዱ ራስ ላይ በስፒል ጫፍ የጥፍር ቀለም ጠብታ አሳርፊ፤ የሚያብለጨልጭ ቀለም ቢሆን ይመረጣል፣ ብልጭታዎቹ የተበተኑበትን መልክ ማንም ደግሞ ሊሠራው አይችልም። አስጠግተሽ ፎቶ አንሺው። ብሎኑ ከዞረ ጠብታው ይሰነጠቃል። አይፎን 12ና ከዚያ በኋላ የመጡት፣ ሶፍትዌራቸው 15.2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚለው ገጽ ላይ ባትሪው፣ ስክሪኑና ካሜራው ተቀይሮ እንደሆነ ይናገራሉ፤ እሱንም ቅረጪው። ይህም ሙሉ በሙሉ አይታመንም፤ ጎበዝ ጠጋኝ የድሮውን ቺፕ ወደ ኮፒው አዛውሮ ማስጠንቀቂያውን ሊያጠፋው ይችላል።

ለሐይቅ፣ ለወልዲያ፣ ለከሚሴ በመኪና የምትልኪውን ደግሞ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ላይ መዝኚ። ኤ54 ብቻውን 202 ግራም ነው። ካርቶኑን ዘግተሽ፣ በፕላስተር አሽገሽ፣ መጋጠሚያው ላይ ፈርመሽ ከነክብደቱ ፎቶ አንሺ። ገዢውም ሲከፍት እንዲቀርጽ ንገሪው። «የላክሽው ካርቶን ባዶ ነው» የሚል ክርክር ከተነሳ፣ ከአንቺ ቤት፣ ከሚኒባሱ ወይም ከገዢው እጅ የጠፋው የት እንደሆነ መነጋገሪያ ታገኛላችሁ።

ሲመለስስ? ገንዘብ ከመላክሽ በፊት ስልኩ እጅሽ ይግባ፤ ገዢው አጠገብሽ ተቀምጦ ለፍተሻው 20 ደቂቃ ስጪ። የሚመጣው ሰው እንግዳ ከሆነ ቤትሽ አታስገቢው፣ ፒያሳ አንድ ካፌ በቀን ተገናኙ። ቪዲዮውን ከፍተሽ ነገሩን አንድ በአንድ ድገሚው፤ አሻራ፣ ጥቁር ፎቶ፣ ጭረት፣ ስቲከር። ቅር ይለዋል ብለሽ አትፍሪ፤ «የሁሉንም እንዲህ ነው የማየው» በዪ፣ እውነትም የሁሉንም እንዲህ እዪ። የዕድር ዘመድም ሲመጣ። ለዘመድ የተዘለለ ፍተሻ ነው ዛሬ ያስጨነቀሽ። ከዚያ ጂሜይሉንና የሳምሰንግ አካውንቱን ራሱ ያውጣ፤ አይፎን ከሆነ ከአፕል አካውንቱ ይውጣ። ይህ ሳይሆን ስልኩን ፎርማት ብታደርጊው ሲከፈት የድሮውን ሰው ጂሜይል ይጠይቅሻል፣ እጅሽ ላይ ጡብ ሆኖ ይቀራል። ፎርማት አድርጊና እስከ መነሻው ገጽ ድረስ ክፈቺው። ገንዘቡን የከፈለበት የቴሌብር ቁጥር ወይም የባንክ ሒሳብ ላይ ብቻ መልሺ፤ «በወንድሜ ቁጥር ላኪልኝ» ሲሉሽ እምቢ በዪ። በተረፈ ክፍያ ስትቀበዪ በሚላክልሽ የደረሰኝ ፎቶ ሳይሆን በራስሽ ሒሳብ እመኚ፤ እሱን ሳታውቂው አትቀሪም።

የኤርፖዱን በአጭሩ፤ ኮፒ ከሆነ የሸጥሽው መለያ ቁጥሩ ብዙም አይጠቅምሽም፣ ብዙ ኮፒዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ነው የታተመባቸው። ክዳኑ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በማይለቅ ቀጭን እስክሪብቶ የራስሽን ትንሽ ምልክት አድርጊ። ጆሮ ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ ለንጽሕና ሲባል ሐሳብ ስለተቀየረ አይመለስም፣ ጉድለት ካለው ብቻ ነው ብለሽ አስቀድመሽ ጻፊ።

መልእክት ሲመጣ ሆድሽ መረበሹ አይገርምም፤ በሁለት ወር ሁለት ጊዜ ተነክተሻል። ለጥቂት ሳምንት የመልእክቱን ድምፅ አጥፊውና ጠዋትና ማታ በቆረጥሽው ሰዓት ብቻ መልሺ፤ ሰዓቱንም ቻናሉ ላይ አሳውቂ። ገዢዎችሽን ከመጠርጠር የምትድኚው ሰው ሁሉ ደግ ነው ብለሽ ራስሽን በማሳመን አይመስለንም። ቪዲዮው ስልክሽ ላይ ካለ ሰውዬው ደግ ይሁን ክፉ መገመት አይኖርብሽም፣ ሥራው የስቲከሩ ነው። እስከዚያው እስቲ አንድ ነገር ቁጠሪ፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ስንት ስልክ ሸጠሽ ስንቱ በሰላም ሄደ?

ዛሬ ማታ ለመምህርቷ ደውዪ፤ ነገ ለኮምቦልቻው ሰውዬ። ስለ ጣት አሻራው ምን ብሎ እንደመለሰልሽ ጻፊልን።